ለሕፃናት የሚሆን የኪሮሽ አሻንጉሊት በአዲስ አበባ ዳርቻ

የኪሮሽ አሻንጉሊት ክር በመንጠቆ ዙር በዙር እየተጠለፈ፣ ውስጡ በፋይበር እየተሞላ የሚሠራ መጫወቻ ነው። ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ይዘወተራል። እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ልጅ እያሳደገች ቤት ለምትውል እናት ሥራው ይስማማል። የስፌት መኪና አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ያለ ኪሳራ ይቀመጣል።

መንጠቆው ለኢትዮጵያ ቤቶች እንግዳ አይደለም። የሶፋ፣ የቴሌቪዥንና የትራስ ዳንቴል ስትሠራ የኖረች እናት ወይም አክስት ያልነበራት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ዳንቴል የሚያምረው በክፍተቱ ነው፤ ክሩ ላላ ብሎ ቀዳዳው እንደ አበባ ሲታይ ሙያ ይባላል። የሕፃን አሻንጉሊት የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ አሻንጉሊት ግን ይታኘካል፣ ይጎተታል፣ በምራቅ ይርሳል። ስለዚህ የደህንነቱ ጉዳይ በመጨረሻ የሚጨመር ጥንቃቄ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዙር የሚጀምር የእጅ ጥብቀት ነው።

ክሩን ከመርካቶ መግዛት የተለመደ ነው። አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የፋብሪካ ጥጥ ክር ደግሞ ጠንከር ያለና ብናኝ የማያወጣ በመሆኑ አፍ ውስጥ ለሚገባ ነገር ይመረጣል። ሁለቱን ለመለየት ጫፉን ማቃጠል ይበቃል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። በእንዝርት የተፈተለው የቤት ፈትል ለነጠላና ለጋቢ የታወቀ ቢሆንም ቀጭንና ልል ስለሆነ ሲታኘክ ይበጣጠሳል። ለባናና ለበርኖስ የሚውለው የመንዝ በግ ጸጉርም ለሕፃን ቆዳ ይሻክራል። ጸጉራም ክር፣ ሞሄር የሚባለው የፍየል ጸጉር ክርም ሆነ ሌላ፣ ለጨቅላ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጸጉሩ ተነቅሎ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ቀለሙ ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት «አዞ» (azo) ከሚባሉ ሰው ሠራሽ ቀለሞች የሚለቀቁ፣ አሚን የተባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ቆዳ በሚነካ ጨርቅ ላይ በኪሎ ከ30 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይገኙ ገደብ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው፣ ክርና ጨርቅ ለጎጂ ኬሚካል ተመርምሮ የሚሰጠው የኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 ምልክትም እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት ጥብቅ የሆነ የራሱ ምድብ አለው። ይሁንና ብዙ ክር የሚሸጠው ምልክት ሳይኖረው በጥቅል ነው። ያን ጊዜ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ክሩ ላይ ማሸት፣ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ክሩን መተው ያሻል። ጨርቁ የሚያሳየው ግን ቀለም መልቀቁን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለውን ኬሚካል አያሳይም። በእኔ አስተያየት ምንጩ ላልታወቀ ክር መልሱ ያልተነከረ ነጭ ወይም የጥጥ መልክ ያለውን መምረጥ ነው።

አሠራሩ የሚጀምረው ተጎትቶ በሚጠብቅ የክር ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ 6 ጥልፍ ይሠራል፤ ቀጥሎ 12፣ 18፣ 24፣ 30 እያለ በየዙሩ 6 ይጨመራል፤ ራሱ ወይም ሆዱ ሲሞላ በዚያው ስሌት ይቀነሳል። የክሩ ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር መንጠቆ ቢልም ለአሻንጉሊት 2.5 ወይም 3 ይያዛል። ዳንቴል የለመደች እጅ እዚህ ላይ ትቸገራለች፤ ክሩን ጠበቅ ማድረግ መጀመሪያ ላይ ጣት ያደክማል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ የተሞላውን ሆድ በሁለት አውራ ጣት ወደ ጎን ሲለጥጡት ነጩ ፋይበር መታየት የለበትም። ልል ጥልፍ ሌላም ጣጣ አለው። የሕፃን ጣት ገብቶ ይያዛል፤ የተረፈ ክርም ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቋርጥ ይችላል። የክሩ ጫፍ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ተትቶ በመርፌ ወደ ውስጥ፣ አቅጣጫ እየቀየረ መመላለስ አለበት። ቋጠሮ ብቻውን አይታመንም።

ገዢ ከሁሉ በፊት የሚያየው ዓይኑን ነው፤ ብዙ ክርክር የሚነሣውም በእርሱ ነው። በኋላው በቀለበት የሚቆለፈው የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ዓይን አሻንጉሊቱን ሕያው ያስመስለዋል፤ ደንበኞችም ይወዱታል። ነገር ግን ቁልፉ ቢጸናም የተያዘበት ክር ይለጠጣል፤ ጥርስ ያወጣ ሕፃን ደጋግሞ ሲያኝከው ቀዳዳው ሰፍቶ ዓይኑ ከነቁልፉ ሊወጣ ይችላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዓይንም፣ አፍንጫም፣ አፍም በክር ብቻ ሊጠለፍ ይገባል። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ጨሌ፣ ደወል አይሰፋበትም። ደንበኛዋ የፕላስቲኩን ዓይን አጥብቃ ብትጠይቅ እንኳ እምቢ ማለት የሙያው አካል ነው።

በአሜሪካ ደንብ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆን መጫወቻ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ የቱቦ ቅርጽ መስፈሪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ አካል ሊኖረው ወይም ሊወልቅለት አይችልም። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ካርቶን ይህን ይተካል፤ ከመስፈሪያው ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄው ይበልጣል። የአውሮፓው የመጫወቻ ደህንነት ደረጃ ኢኤን 71 ደግሞ ሕፃን ሊይዘው የሚችል ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አካል በ90 ኒውተን ኃይል ለ10 ሴኮንድ ሲጎተት እንዳይነቀል ይጠይቃል። 90 ኒውተን ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። ጄሪካን ያለው ቤት ይህን ሊሞክር ይችላል፦ ጄሪካኑ ከነውኃው 9 ኪሎ እንዲሆን ተሞልቶ በአሻንጉሊቱ ጆሮ ላይ ቀስ ተብሎ ይንጠለጠላል። ጆሮው በስፌት የተያያዘ ከሆነ ስፌቱ ቀድሞ ሲላላ ይታያል፤ ከራሱ ጋር ባንድ ክር የወጣ ከሆነ ግን እንዲነቀል ክሩ ራሱ መበጠስ አለበት። እጅና እግርን ሳይቆርጡ ከሆድ ጋር አያይዞ መሥራት የሚመከረው ለዚህ ነው። ሙከራው የላቦራቶሪ ማረጋገጫን አይተካም፤ የተሞከረውም አሻንጉሊት አይሸጥም።

ለሙሌት የሚሻለው የፖሊስተር ፋይበር ነው። ጥጥ ሲታጠብ ይቋጠራል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተፈርፍሮ በቀዳዳ ይወጣል። ሽምብራ፣ ምስር ወይም ሩዝ ሞልቶ ማንኳኳት ቀላል ዘዴ ይመስላል፤ ነገር ግን እህል ሲረጥብ ይሻግታል፣ ነቀዝ ያፈራል፣ ጥልፉ ከተቀደደም ለትንታ ምክንያት ይሆናል። ድምፅ ከተፈለገ የታሸገ የፕላስቲክ ማንኳኪያ ተገዝቶ በጠባብ ጥልፍ ከረጢት ውስጥ ተሰፍቶ መሐል ይቀመጣል።

በአንቀልባ ላይ ወይም በሕፃኑ አንገት ላይ አሻንጉሊት በገመድ ማንጠልጠል አደጋ አለው። በአውሮፓ ደረጃ ለጨቅላ የሚሆን መጫወቻ ገመድ ከ22 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ባይኖር ደግሞ ይሻላል። የሕፃናት ሐኪሞች በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን በተኛበት ምንም ለስላሳ አሻንጉሊት እንዳይቀመጥ ይመክራሉ። አሻንጉሊቱ ልጁ ነቅቶ ሰው አጠገቡ ሳለ የሚሰጥ ነው።

እጥበት በበጋ ቀላል፣ በክረምት ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ በምትሰስትበት ወቅት፣ በተለይ በእንጦጦ ግርጌና ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ደጋ፣ ወፍራም አሻንጉሊት ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት እርጥብ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም ይሻግታል። ለዚህ አየር ንብረት ከአንድ መዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ ሙሌቱ ያልታጨቀ አሻንጉሊት ይበጃል። ከታጠበ በኋላ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ተጨምቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ አፍንጫ አስጠግቶ ሽታውን ማረጋገጥ ከመንካት የተሻለ ምስክር ነው።

ገበያው ከአራስ ጥየቃ፣ ከክርስትናና ከአቂቃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሽያጩም በባዛር፣ በቴሌግራምና በትውውቅ ይካሄዳል። ከፕላስቲክ መጫወቻ ጋር ዋጋው ሲነጻጸር ሠሪዋ ትጎዳለች፤ አንድ ትንሽ ጥንቸል የብዙ ሰዓት ሥራ ነውና ሰዓቱን ሳይቆጥሩ ዋጋ መቁረጥ ልፋትን መስጠት ነው። ከእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጋር የክሩንና የሙሌቱን ዓይነት፣ የሚሆንበትን ዕድሜና የአስተጣጠቡን ሁኔታ የምትገልጽ ትንሽ ወረቀት ማያያዝ ይገባል። ለሽያጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመላክ የሚታሰብ ከሆነ የኅብረቱን የደህንነት ደንብ ማሟላቱን የሚገልጸው የሲኢ (CE) ምልክትና ከጀርባው ያለው ምርመራ ግዴታ ነው፤ በእጅ መሠራቱ ነፃ አያደርገውም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ ያስቀምጣል።

በብዙ ቤት የታላቁ አሻንጉሊት ለታናሹ ይተርፋል። ከመተላለፉ በፊት ግን እንደ አዲስ ይፈተሻል፦ የእያንዳንዱ እጅና እግር መጋጠሚያ ይጎተታል፣ ቀዳዳ ይፈለጋል፣ የወጣ ክር ካለ ሳይቆረጥ በመርፌ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ክሩ ሳስቶ ፋይበሩ ከታየ አሻንጉሊቱ ለሕፃን መስጠቱ ያበቃል።