የክልል ፖሊስን ደመወዝ ማን ይከፍላል?

የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ ብዙ ሰው ለጸጥታ የተመደበውን ቁጥር አይቶ የአገሪቱ ፖሊስ ሁሉ ወጪ ይመስለዋል። አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ የፌዴራል መንግሥቱ ናቸው። የክልል ፖሊስ ግን በአንቀጽ 52 የክልሉ ነው፤ ደመወዙም ከክልሉ በጀት ይወጣል።

ግራ የሚያጋባው «ድጎማ» የሚለው ቃል ነው። እንደ ነዳጁ ድጎማ አይደለም። ፌዴራል መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወሰነው ቀመር ለክልሎች በጥቅሉ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ክልሉ የራሱን ግብር ይጨምርበታል። ከዚያ ስንቱ ለመምህር፣ ስንቱ ለፖሊስ እንደሚሆን የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ከዚያው ላይ ደግሞ ለወረዳዎች ይቆረሳል፤ ድጎማው ራሱ ድጎማ ይወልዳል ማለት ነው! ስለዚህ የወረዳችሁ ፖሊስ «ለመኪናው ነዳጅ የለኝም» ካለ፣ አዲስ አበባን ከመጠየቃችሁ በፊት የወረዳውንና የክልሉን በጀት እዩ።