የጄት ሞተር ሲሙሌሽን፦ ከንድፍ እስከ በረራ ክትትል

የጄት ሞተር አሠራር ሲወራ ቀላል ነው። አየር ከፊት ይገባል፣ ኮምፕረሰሩ ያምቀዋል፣ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል፤ የጋለው ጋዝ ተርባይኑን አሽከርክሮ ከኋላ ይወጣል። ጣጣው ሙቀቱ ላይ ነው። በዘመናዊ ሞተሮች ተርባይኑ ጋ የሚደርሰው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። የተርባይኑ ብሌዶች (ጋዙ ገፍቶ የሚያዞራቸው ክንፍ መሰል ቁርጥራጮች) የሚሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች ይቀልጣል።

ታዲያ ብሌዱ እንዴት ይተርፋል? አንዱን በእጅዎ ይዘው ቢያዩት መልሱ እዚያው አለ። ውስጡ ክፍት ነው፤ ገላው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቷል። ከኮምፕረሰሩ የተጠለፈ ቀዝቀዝ ያለ አየር በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ብሌዱን እንደ ስስ ነጠላ ይሸፍነዋል። ቀዳዳው የት ይሁን፣ ወዴት ያዘንብል የሚለው በሲሙሌሽን፣ ማለትም የሞተሩን ሥራ በኮምፒውተር ስሌት በማስመሰል ይጠናል። ኮምፒውተሩ ጋዙ የሚያልፍበትን ቦታ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች ይሸነሽናል። ከዚያ የፍሰቱን እኩልታዎች በየክፍሉ ያሰላል። ከባዱ ነገር የአየሩ መተራመስ ነው፤ ጥቃቅኗን ሽክርክሪት ሁሉ ማስላት የማይሞከር ስለሆነ ብዙው በግምት ይሞላል።

ሌላው የሲሙሌሽን ሥራ ስብራት ነው። አንድ ሞተር ፈቃድ ለማግኘት በሙሉ ፍጥነት እየዞረ የፋኑ (ከፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ) ብሌድ ቢገነጠል ስባሪውን ከሽፋኑ እንደማያስወጣ መረጋገጥ አለበት። በእውነት ሲሞከር ብሌዱ በፈንጂ ይቆረጣል፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ሞተርም አብሮ ይጎዳል። መሐንዲሶች አስቀድመው በኮምፒውተር ደጋግመው መስበራቸው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በኮምፒውተር የተሠራው የሞተሩ ሞዴል ወደ ክትትል ይዞራል። ሞተሩ ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች (መለኪያ መሣሪያዎች) ሙቀት፣ ግፊት፣ ንዝረትና ፍጥነት ይለካሉ። ሞተር አምራቹ ሮልስ ሮይስ ትሬንት የተባሉትን ሞተሮቹን መረጃ እንግሊዝ አገር ደርቢ ሆኖ ይከታተላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያበረው ኤርባስ ኤ350 የሚነሳው በዚሁ ቤተሰብ ሞተር፣ በትሬንት ኤክስደብሊውቢ ነው። የክትትሉ ብልሃት ንጽጽር ነው፦ ሞዴሉ «ጤነኛ ሞተር በዚህ ከፍታና ፍጥነት ይህን ማሳየት አለበት» ይላል፤ ልዩነቱ ይታያል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ከሄደ ሞተሩ ውስጡ እየቆሸሸ ወይም እያረጀ ነው። አንዳንዴ በውኃ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል።

ሞዴሉ ግን ያልነገሩትን አያውቅም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ የቦይንግ 787 አውሮፕላኖችን የሚያንቀሳቅሰው ትሬንት 1000 የተርባይን ብሌዶቹ ከታሰበው ጊዜ ቀድመው በዝገት መሰንጠቅ ጀመሩ። የጃፓኑ አየር መንገድ ኤኤንኤ በረራዎችን ሰረዘ፤ በኋላም የተለያዩ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቆሙ። ብሌዶቹም በአዲስ ንድፍ መተካት ነበረባቸው።