አዳፕቴሽን ምንድን ነው? አስቂኝ ልብወለድ መድረክ ሲወጣ

አንድ ደራሲ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ደፋር ሰው ነበር፤ ውሻው እስኪጮህ ድረስ።» አንባቢ ፈገግ ይላል። ይህንኑ መድረክ ላይ አምጡት፤ ውሻ ይጮኻል፣ ሰውየው ይሮጣል። ምኑ ያስቃል? ቀልዱ ሩጫው ላይ አልነበረም። ደራሲው ሰውየውን ካሞገሰ በኋላ ከድርብ ሰረዙ ወዲያ ማዋረዱ ነው ያሳቀን።

አዳፕቴሽን ማለት ለአንድ የጥበብ ዘርፍ የተሠራን ሥራ ለሌላው እንዲስማማ አድርጎ እንደ አዲስ መሥራት ነው። የቴአትር ሰዎች «ውርስ ትርጉም» የሚሉት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መሻገርንም ይጨምራል። ብዙ ሰው ልብወለድን ወደ ተውኔት መለወጥ ማሳጠር ብቻ ይመስለዋል። መቀስ ያስፈልጋል፣ አይካድም። በአስቂኝ ልብወለድ ግን ትልቁ ጣጣ ተራኪው ነው። ሳቁ የሚመነጨው ከድርጊቱ ይልቅ ከሚተርክልን ሰው አፍ ነው፤ መድረክ ላይ ደግሞ ያ ሰው የለም።

ተራኪውን ራሱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ማስገባት አንዱ መላ ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ሚካኤል ቡልጋኮቭ የአገሩን ሰው የጎጎልን ልብወለድ «የሞቱ ነፍሶች» ለሞስኮ አርት ቴአትር ወደ ተውኔት ሲለውጥ ይህንኑ አስቦ ነበር፤ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1932 ለተመልካች ሲቀርብ ግን ተራኪው ተቆርጦ ወጥቷል። እኔ ለቡልጋኮቭ አደላለሁ። የጎጎል ድምፅ ከሌለበት የሚቀረው የአንድ አጭበርባሪ ታሪክ ነው። ቢሆንም መላው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ጥግ ላይ ቆሞ መጽሐፍ የሚያነበንብ ሰው ተዋናዮቹን ሥራ ያስፈታል።

ከዚያ ይልቅ የተራኪውን ተንኮል ለተዋናዩ ሰውነት መስጠት ይቻላል። ወደ ውሻችን እንመለስ። ሰውየው ወንበር ላይ ተደላድሎ ስለ ጀግንነቱ ይደሰኩራል። ከውጭ ውሻ ይጮኻል። ወሬውን አያቋርጥም፤ እግሮቹን ብቻ ቀስ ብሎ ከወለሉ ያነሳል። ውሻው ይደግማል። አሁን ወንበሩ ላይ ቆሟል፣ አሁንም እያወራ ነው። በሦስተኛው ጩኸት ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል፤ ጀግንነቱ ግን ገና አላለቀም። ከመጽሐፉ አንድ ቃል አልተወሰደም፤ ድርብ ሰረዙ ወደ ተዋናዩ እግር ወርዷል።

አንዳንዴ ደግሞ መልሱ የሚመጣው ከብረትና ከሞተር ነው። በቼኩ ደራሲ በሃሼክ ልብወለድ ውስጥ ወታደሩ ሽቬይክ ክፍለ ጦሩን ፍለጋ በእግሩ ሲኳትን ዞሮ ዞሮ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ መድረክ ላይ እንዴት ይዘረጉታል? ጀርመናዊው የቴአትር አዘጋጅ ኤርዊን ፒስካቶር እ.ኤ.አ. በ1928 በርሊን ውስጥ ሲያዘጋጀው መድረኩ ላይ በሞተር የሚንቀሳቀሱ ሁለት ተንሸራታች ወለሎች አነጠፈ። ከኋላ የሠዓሊው የጆርጅ ግሮስ ሥዕሎች በፕሮጀክተር ይታያሉ። ተዋናዩ ማክስ ፓለንበርግ ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ማሽኑ ጫጫታም ነበር ይባላል፤ ግን ደራሲው ገጽ በገጽ የጻፈውን ቀልድ በአንድ እይታ ተናገረው።

ሥራው የቆየ ክላሲክ ከሆነ የባለመብትነት ጉዳይ ብዙ አያስቸግርም፤ በብዙ አገሮች መብቱ ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት በኋላ ያበቃል። የሚረሳው ተርጓሚው ነው። ዋናው መጽሐፍ ነፃ ቢሆን እንኳ የምትጠቀሙበት ትርጉም የቅርብ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፈቃድ የሚጠየቀው ተርጓሚው ወይም ወራሹ ነው።

ከሁሉ የሚያጣላው ምን ይታይ፣ ምን ይደበቅ የሚለው ነው። ራሱን እንደ ጀግና ባላባት የሚቆጥረው የልብወለድ ሰው ዶን ኪኾቴ ግዙፍ ጭራቆች ናቸው ብሎ የነፋስ ወፍጮዎችን ሲገጥም አንባቢ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያያል። መድረክ ላይ እውነተኛ ወፍጮ ካቆማችሁ የምናየው እብድ ብቻ ነው፤ ጭራቅ ካቆማችሁ ደግሞ ቀልዱ የለም። እኔ ብሆን ምንም አላቆምም። ባላባቱን ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ጦሩን እንዲሰብቅ አደርገውና መብራቱን በሙሉ የአገልጋዩ የሳንቾ ፊት ላይ አበራለሁ።