የጎልፍ ዌጅ አሠራርና አመራረጥ፣ ከጎንደር መሬት አንጻር

ዌጅ ከጎልፍ ብረቶች ሁሉ ፊቱ (ኳሱን የሚመታው ገጽ) ይበልጥ ወደ ኋላ የተንጋለለ፣ ራሱ የከበደ፣ ዘንጉ ያጠረ ዱላ ነው። ሥራው ኳስን አርቆ መስደድ ሳይሆን ከፍ አድርጎ አንሥቶ በተፈለገው ቦታ ማሳረፍ፣ ከረጅም ሣርና ከአሸዋ ጉድጓድም ማውጣት ነው። ጎንደር በጎልፍ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ያም ሆኖ በገና ሰሞን ጫፉ የተቆለመመ ዱላ መርጦ ሩር የመታ ወጣት ወይም በደምቢያ ሜዳ እርፍ ጨብጦ ያረሰ ገበሬ የዌጅን ዋና ጉዳይ ለመረዳት ቅርብ ነው። ጉዳዩ ብረት ከመሬት ጋር በምን ማዕዘን ይገናኛል የሚለው ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው፤ የዌጅ ብልሃት ግን ከሥሩ ነው። መሬቱን የሚነካው ክፍል ሶል ይባላል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሶሉ የኋላ ክፍል ከፊት ጠርዙ ዝቅ ይላል፤ ይህ ማዕዘን ባውንስ ነው። ባውንስ ያነሰው ብረት እንደ ማረሻ ጫፍ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፤ የበዛው ደግሞ ላዩን ተንሸራትቶ ያልፋል። አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ጂን ሳራዘን ይህን ሐሳብ ያገኘው አውሮፕላን ሲነሣ ጅራቱ ዝቅ ማለቱን አይቶ መሆኑን ተናግሯል። በብረቱ ሥር ቀልጦ የተጣበቀ ብረት ጨምሮ ሶሉን አወፈረና እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታንያ ኦፕን የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር በዚያው ዱላ አሸነፈ። ከዚያ በፊት ተጫዋቾች ከአሸዋ ለመውጣት ስስ ጠርዝ ባለው ብረት ይታገሉ ነበር።

ባውንስ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከ7 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። የጎንደር አካባቢ መሬት ሁለቱንም ጫፎች በአንድ ዓመት ያሳያል። በሐምሌና በነሐሴ መረሬው ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል፤ እዚያ ዝቅተኛ ባውንስ ያለው ዌጅ ይቀበራል። በየካቲትና በመጋቢት ያው አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ከፍተኛ ባውንስ ያለው ብረት ከመሬቱ ነጥሮ የኳሱን ወገብ ይመታል፣ ኳሱም ሳይነሣ መሬት ለመሬት ይፈተለካል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ዌጅ ብቻ የሚገዛ ሰው መካከለኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሠሪዎች የሶሉን ተረከዝ (ወደ ዘንጉ ያለውን ጫፍ) እና ጠርዝ በመሞረድ ብረቱ ሲጋደል መሬት ላይ እንዲተኛ ያደርጉታል፤ ይህ ግራይንድ ይባላል። ፊቱን ከፍቶ፣ ማለትም ይበልጥ ወደ ሰማይ እንዲያይ አዙሮ፣ መጫወት የሚወድ ሰው ተረከዙ የተሞረደውን ይሻል፤ ፊቱ በተከፈተ ቁጥር ባውንሱም ይጨምራልና።

የፊቱ ማጋደል ሎፍት ነው። ፒቺንግ ዌጅ ከ44 እስከ 48 ዲግሪ፣ ጋፕ ዌጅ ከ50 እስከ 52፣ ሳንድ ዌጅ ከ54 እስከ 58፣ ሎብ ዌጅ ደግሞ 60 እና ከዚያ በላይ አለው። ደንቡ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ ስለማይፈቅድ አብዛኛው ተጫዋች ሦስት ወይም አራት ዌጅ ይዞ በመካከላቸው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት ይተዋል።

ፊቱ ላይ የተቦረቦሩት መስመሮች ውሃንና የሣር ጭማቂን ከብረቱና ከኳሱ መካከል ያስወግዳሉ፤ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ሲያርፍ ቶሎ እንዲቆም የሚረዳውም ይህ ንክኪ ነው። በትልልቅ ውድድሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የመስመሮቹ ስፋትና ስለት በደንብ ተገድቧል። በጎንደር ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳስ ትንሽ ይርቃል፤ ሽክርክሪቱም ኳሱን የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተለካ ርቀት እዚህ እንደገና መለካት አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ዱላውን የሚወቅስ ሰው ይሳሳታል።

ያገለገለ ዌጅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ጥፍሩን በመስመሮቹ ላይ ያሳልፍ። ጠርዛቸው ጥፍርን ካልያዘ ፊቱ አልቋል፤ ሶሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ኳሱን እርጥብ ሣር ላይ አይዝም።