«ምሥጢር ነው» የሚባለው ሁሉ፦ ስለ ካቶሊክ ካህናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ስለ ካቶሊክ ካህናት ወሬ ሲነሣ «ምሥጢረኞች ናቸው» የሚል አይጠፋም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ያባረሩበት አገር ስለሆነ፣ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም።

«ካህን የሚያውቀውን ሁሉ እንዳይናገር በንስሐ ምሥጢር ታስሯል።»
የሚታሰረው ተናዛዡ በኑዛዜ በነገረው ነገር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደርበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ይህን ምሥጢር በቀጥታ የሚያወጣ ካህን በከባድ ውግዘት እንዲቀጣ ያዝዛል። የቁምስናው (የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ገንዘብ፣ የካህን ዝውውር ወይም በደብዳቤ የቀረበ አቤቱታ ግን ከኑዛዜ ጋር አይገናኝም። ቋንቋችንም ሳያሳስተን አይቀርም፤ ጥምቀትንና ቁርባንን «ምሥጢር» የምንልበት ቃል የተደበቀውንም ነገር የምንጠራበት ነውና።

«ሮም በደልን መደበቅ ታዝዛለች።»
ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 በካህናት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከቱ ጉዳዮችን ከ«ጳጳሳዊ ምሥጢር»፣ ማለትም ቫቲካን ለአንዳንድ ጉዳዮች ከምታጸናው ጥብቅ የምሥጢር ደንብ፣ አውጥተዋል፤ በዚያው ዓመት ካህናትና መነኮሳት እንዲህ ያለውን በደል ሲያውቁ ለበላይ አካል እንዲያሳውቁ አስገድደዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ግን እውነት ነው፤ ማስተባበል አይገባም።

«ካህናት እርስ በርሳቸው ሁሉን ይነጋገራሉ፤ የሚደብቁት ከእኛ ብቻ ነው።»
በእኔ አስተያየት ከእውነት እጅግ የራቀው ይህ ነው። ሕጉ በየሀገረ ስብከቱ የካህናት ምክር ቤት እንዲኖር፣ ጳጳሱም በከባድ ጉዳዮች እንዲያዳምጡት ያዝዛል፤ ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ በአብዛኛው አማካሪ ብቻ ስለሆነ፣ ካልተሰበሰበ ወይም ለይስሙላ ከተሰበሰበ፣ ውሳኔው ተራውን ካህን የሚደርሰው በወሬ ነው። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ ከጎንደር ርቀው ያገለገሉ አንድ አባ ዝውውራቸውን የሰሙት ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ እንደነበር አጫወቱኝ። ዘበኛው «አባ፣ ዕቃዎን መቼ ልጠቅልልዎት?» ሲላቸው የሚመልሱት ጠፍቷቸው ስኒያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ደብዳቤው የደረሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ «ምሥጢራዊ» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ የሚመለከታቸውን ሰው አስቀድሞ ልጠይቅ ያለ አልነበረም እንጂ።