ፕሮምስ፦ ቆመው የሚሰሙት ኦርኬስትራ

ክላሲካል ኮንሰርት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ሙሉ ልብስ ለብሶ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠ ሀብታም ነው፣ የለንደኑ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ፕሮምስ ግን እንደዛ አይደለም። ልክ በኛ ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ወደ 8 ሳምንት የሚቆይ ሲሆን ስሙም (ፕሮምናድ፣ መንሸራሸር እንደማለት) ሰው ወዲያ ወዲህ እየተንሸራሸረ ሙዚቃ ከሚሰማበት ከድሮው ልማድ የመጣ ነው።

የተጀመረው በ1895 (እ.ኤ.አ.) ኩዊንስ ሆል ውስጥ ነው፣ አዘጋጁ ሮበርት ኒውማን፣ ኮንዳክተሩ (ኦርኬስትራውን በእጁ የሚመራው) ሄንሪ ውድ። ብሩን ያወጣው ደግሞ ጆርጅ ካትካርት የሚባል የጉሮሮ ሐኪም ሲሆን የኦርኬስትራው ቅኝት ዝቅ ይበል ብሎ ነው የሰጠው፣ ዘፋኞቹ ጉሮሯቸው እንዳይጎዳ (መቼም ከሱ በላይ ማን ያውቃል)። መግቢያው 1 ሺሊንግ፣ መብላት መጠጣት ማጨስ ይቻላል፣ ብቻ ዘፋኝ ሲዘፍን ክብሪት አትጫሩ ነበር የሚባለው።

በ1927 ቢቢሲ ተረከበው። በ1941 አዳራሹ በጀርመን ቦምብ ሲወድም ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተዛወረ፣ ከፍርስራሹ የተረፈው የሄንሪ ውድ ሐውልትም ዛሬም በየዓመቱ ፕሮምስ ሲደርስ ከኦርጋኑ ፊት ይቆማል። አልበርት ሆል ከ5,000 ሰው በላይ ይይዛል ግን ድምፅ ያስተጋባል፣ እዛ የተጫወተ ሁሉ ሁለቴ ይሰማል ተብሎ ይቀለድበት ነበር፣ በ1969 ጣሪያው ላይ እንጉዳይ የሚመስሉ የፋይበርግላስ ሳህኖች ተሰቅለው ነው ትንሽ የተሻለው።

ዋናው ነገር ግን መቆሚያው ነው። ወንበር የሌለው ወለል ኮንዳክተሩ አፍንጫ ስር ነው ያለው፣ በጣም ርካሹም ቲኬት እሱ ነው፣ የቫዮሊኖቹ ቀስት እኩል ሲወርድና ሲወጣ፣ የነፋሽ ተጫዋቾቹ ጉንጭ ሲነፋ ሁሉ ታያለህ። የቆሙት የራሳቸው ወግ አላቸው፦ የፒያኖው ክዳን ሲነሳ ከታች «ሂቭ!» (አንሳ! እንደማለት) ይላሉ፣ ከላይ ጋለሪ (የመጨረሻው ፎቅ) ያሉት «ሆ!» ብለው ይመልሳሉ፣ ኦርኬስትራው የሚቃኝባት አንድ ድምፅ ፒያኖው ላይ ስትመታም ኮንሰርቱ ያለቀ ይመስል ያጨበጭባሉ። ኮንዳክተሩ እጁን ሲያነሳ ግን ያ ሁሉ ሰው ጭጭ ነው። አንድ ሲምፎኒ ብዙ ጊዜ 4 ክፍል አለው፣ በየመሀሉ ለማጨብጨብ አትቸኩል፣ ያኔ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ታፍኖ የቆየ ሳል ነው። እግሩ የደከመው ደግሞ ጋለሪ ወጥቶ ጃኬቱን ተንተርሶ ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ ማንም ተነስ አይለውም።