«ትበላለች እኮ!»፦ ስለ ቤት እንቁራሪት አመጋገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ እንቁራሪት ይዘው የሚመጡ የእኛ አገር ወላጆች አሉ። ልጅ ለምኖ ያስገዛል፣ የምግቧ ጣጣ እናትና አባት ላይ ይወድቃል። ታማ ሲያመጧት የምሰማው ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ክሪኬት ጠግባ ትበላለች፣ ምን ጎደላት?»

ካልሲየም! ክሪኬት፣ ያቺ ከሱቅ የምትገዟት ቡናማ ፌንጣ፣ ፎስፈረሷ ብዙ ነው፤ ካልሲየሟ ግን እዚህ ግባ አይባልም። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን እጥፍ ቢጠጋ ጥሩ ነው። ካልሆነ ሰውነቷ የጎደለውን ከገዛ አጥንቷ ይወስዳል።

አንዲት እናት የልጃቸውን የዛፍ እንቁራሪት አመጡልኝ። ወፍራም ናት፣ ቆዳዋም ያምራል። ጓንቴን አርጥቤ የታችኛውን መንጋጋዋን በጣቴ ጫን ሳደርገው እጥፍ አለ። የኋላ እግሯ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። ራጅ ስናነሳት አጥንቷ ከሥጋዋ እምብዛም አይለይም። «ስትበላ በዓይኔ አያለሁ እኮ!» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ትበላለች። ምግቡ ነው ጎዶሎው።

«ታዲያ ዱር ውስጥ የካልሲየም ዱቄት ምግቧ ላይ ማን ይነሰንስላታል?» ይሉኛል ደግሞ። ዱር ያለችው ዝንቡን፣ የእሳት እራቱን፣ ሸረሪቱን፣ ጢንዚዛውን እያቀያየረች ነው የምትበላው። የሱቁ ክሪኬት ግን ካርቶን ውስጥ ሲራብ የሰነበተ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክሪኬቶቹን አብሉ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ አንድ ሁለት ቀን። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ነቅነቅ አድርጓቸው። ነጭ ሲለብሱ ወዲያው ስጧት፤ ከቆዩ ያራግፉታል። ካልሲየሙ ከአንጀቷ ወደ ደሟ እንዲገባ ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋታል። ዲ3 ሲበዛም ስለሚጎዳ ልኩን ሐኪሟን ጠይቁ።

«ካሮት የበላ ክሪኬት ቫይታሚን ኤ ይሰጣታል» የሚለውም አያስተማምን። ብዙ እንቁራሪቶች የካሮቱን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ በደንብ አይቀይሩትም። ሬቲኖል፣ ማለትም ራሱ ቫይታሚን ኤ፣ ያለበት ዱቄት ፈልጉ። ምላሷን ወርውራ ክሪኬቱ እየተላቀቀ የሚያመልጣት ከሆነ ዓይኗን ብቻ አትጠርጥሩ፤ በቫይታሚን ኤ እጥረት ምላስ መያዝ ያቅተዋል።

«የአይጥ ግልገል ያፋፋታል።» ያፋፋታል፣ ችግሩም እሱ ነው። አንዳንድ የዛፍ እንቁራሪቶች ላይ ስቡ ዓይናቸው ላይ ተጋግሮ ነጭ ይሆናል።

«ሰላጣ ትቅመስ።» ያደገች እንቁራሪት ቅጠል አትበላም።

«ከጓሮ ልልቀምላት።» ፀረ ተባይ የነካው ነፍሳት ይገድላታል። ማታ ብልጭ ድርግም የሚለው ጢንዚዛ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው።

«ውሃ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም።» በሆዷ ቆዳ ነው የምትጠጣው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ ይውጣ።

በየቀኑ መመገብ ያለባት ገና በማደግ ላይ ያለችው ናት። ላደገች የዛፍ እንቁራሪት በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። ክሪኬቱ በሁለት ዓይኖቿ መሃል ካለው ስፋት አይብለጥ። የተረፈውን ክሪኬት እዚያው አታሳድሩት፤ ስትተኛ ቆዳዋን ይበላታል።